ዛሬን ረቡዕ በሉልኝ

ሁለት ወረቀት አለ ከጠረጴዛው ላይ፣
አንዱ የባቡር ነው፣ አንዱ የሰማይ።

ባቡሩ ነገ ነው፤ ከአዳማ ከተነሣሁ
ማታ ጅቡቲ ነኝ፣ በላብ ታጥቤ አድራለሁ፤
ለአንድ ሌሊት አልጋ በትርፍ እከፍላለሁ።
የሰማዩ ለሐሙስ፣ መርከቡም ለሐሙስ፤
ስድስት ሰዓት ብቻ፣ ከቦሌ መልህቁ እስኪነሣ ድረስ።

ሌንሴ ዝም ብላ ሽንኩርት ትከትፋለች።
«ረቡዕ ማታ ሲፈን መድረክ ላይ ትወጣለች»
ብላ ለቢላዋዋ ነገረች።

ወኪሉ ደውሎ ነበር፦ «መርከብ ዘመድ አይደለም፣
በር ላይ ቆሞ ሰው አይጠብቅም።
አምና ደረሰ የሚባል የሞተር ክፍል ሰው
በዕለቱ እበራለሁ ብሎ ጉም ቦሌ ላይ ያዘው፤
ከወደቡ የደረሰ ስሙ ብቻ ነው።»

በረንዳ ላይ ወጣሁ፤ ከኮረብታው ጫፍ
ተርባይኖቹን አየሁ፣ አንዱ ሲዞር አንዱ ሲያርፍ፤
ነፋስ እንኳ አልቆረጠም በየት በኩል እንደሚያልፍ።
ከታች አንድ ባለ ባጃጅ «ፍራንኮ! ፍራንኮ!» ይላል፤
እሱስ የት እንደሚሄድ አንዴ ወስኗል።

ልብሴን አጠፍሁ፤ ዘረጋሁ፤ መልሼ አጠፍሁ።
የዘጠኝ ወር ባሕር ስንት ማታ እንዳለው በጣቴ ቆጠርሁ፤
ጣቶቼ ሲያልቁብኝ አንዷን ማታ ብቻ ጨብጬ ቀረሁ።

ሲፈን ከጓዳ ግጥሟን ትለማመዳለች፤
ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሁልጊዜ ትረሳለች።

ተነሣሁ። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፋሁ፤
«ዛሬን ረቡዕ በሉልኝ» አልኋቸው፣ «ነገ እሄዳለሁ።»
ሌንሴ ቢላዋዋን አስቀምጣ እጇን አደረቀች፤
ሲፈን ሶፋው ላይ ወጥታ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ደርሳ ቆም ስትል
አውቀዋለሁ፤ አላቀበልኋትም፤
ማታዋ ትንሽ እንድትቀጥል።