ጉንዳኖቹ ቀድመው አወቁ

ሐኪም አልነበረም ቀድሞ የነገረን፤
ከጓሮ መታጠቢያው፣ ከሲሚንቶው ጥግ፣
ጉንዳን ተሰልፎ ሲወጣ፣ ሲያፈገፍግ፣
አይታ ሳቀችና የቀኝ ጎረቤት
«ሽንቱ የጣፈጠ ሰው አለ በዚህ ቤት»
አለችን። እኛም ሳቅን። ቫዲቩ አብራ ሳቀች፣
ሳሪዋን ሰብስባ ወደ ደጅ ዘለቀች።

ኩምባኮናም፣ እኛ ጋ፣ በካቬሪ ወንዝ ዳር፣
ሴት ደጇን ትረጫለች ጎህ ሳይቀድ ከበር፤
በሩዝ ዱቄት ነጥብ ትተክላለች በረድፍ፣
ከዚያ አንድ መስመር ብቻ፣ ሳይቆረጥ፣ ሳይተርፍ፣
ነጥቡን እየዞረ፣ እየታጠፈ እንደ ሐረግ፣
ተመልሶ ይገጥማል ከተነሳበት ጥግ።
ኮላም እንለዋለን። ሲነጋ የጉንዳን ቁርስ፣
ሲመሽ የእግር ትቢያ፤ ነገ ደግሞ እንደ አዲስ።

እኔ የባቡር ጣቢያ ሹም ነበርኩ ሠላሳ አራት ዓመት፣
በፉጨት፣ በሰንደቅ፣ በመዝገብ የኖርኩ፣ ባሪያ ለሰዓት።
እሷ ግን ያለ መዝገብ፣ ያለ እርሳስ፣ ያለ ስሌት፣
አስራ ዘጠኝ በአስራ ዘጠኝ ትነዳው ነበር በሌሊት።

ስኳሩ አልጮኸም። ሌባ ቢሆን ይጮህ ነበር ውሻ።
አስራ ሁለት ዓመት እንደ ቤተኛ ከገበታ ቀርቦ፣
ክኒኗን ስትዘነጋ ዝም አለ፣ በሠርግ ጣፋጭ ጠግቦ።
ለእግሯ ፈራን፣ ለዓይኗ ፈራን፣ ለኩላሊቷ ተጨነቅን፤
ወደ ላይ፣ ወደ ራስ ቅል፣ መውጣቱን ግን አላወቅን።

መጀመሪያ ቃል ጠፋት፤ ጭልፋውን «ያ ነገር» አለች፣
ምስሩን ሁለቴ ጨው ጨመረች፣ ለሦስተኛው ቆመች።
የምራታችንን ስም አጣች፦ ቴንሞሊ፣ ትርጉሙ «ማር አንደበት»፤
ማር ካንደበቷ ጠፋ፣ ማር በደሟ ሞልቶባት።
«እርጅና ነው» አልን። እርጅና ስንቱን ይሸፍናል!
እንደ ብርድ ልብስ ነው ቃሉ፣ ስንቱን አልብሶ ያስተኛል።

በማርጋሊ ወር አንድ ንጋት፣ ጭጋግ መንገዱን ሲሞላ፣
ሻዬን ይዤ ወጣሁ፤ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ፣
ዱቄቷን በጣቷ እንደያዘች፣ ላቧ ይንቆረቆራል፤
መስመሩ መሐል መንገድ ቆሟል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል።
«ወዴት ነበር የምሄደው?» አለችኝ፣ እንዳላወቀችኝ፣
ባቡር እንዳመለጠው መንገደኛ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ።

ስኳሯ ወርዶ ነበር፤ መርፌዋን ወግታ፣ ራት ሳትበላ አድራ።
ሁለት ማንኪያ ስኳር በውሃ አጠጣኋት፣ ቀስ በቀስ ዓይኗ እስኪበራ።
ገዳይዋ አዳናት። ሲበዛም የሚያጨልም፣ ሲጎድልም የሚያጨልም፣
እንዲህ ያለ ጌታ፣ እንዲህ ያለ ሎሌ፣ በምድር ላይ የለም።

ዶክተር ኢላቫራሲ ወረቀት ሰጥታ «ሰዓት ሳይልኝ» አለቻት።
ክቡን ሳለችው፤ ያምራል፤ ክብ መች ይጠፋታል፣
ቁጥሮቹ ግን በቀኝ ተፋፍገው፣ ግራው ባዶ ቀርቷል።
ሠላሳ አራት ዓመት ሰዓት ስሞላ የኖርኩት እኔ፣
እዚያ ባዶ ግማሽ ላይ ወድቆ ቀረ ዓይኔ።
«ቀጫጭን የአንጎል ደም ሥሮች» አለች፣ «ስኳር ሲልሳቸው የኖረ፣
አንዳንዱ ጠቧል፣ አንዳንዱ እንደ አሮጌ ሐዲድ ተሰብሯል፣ ዝጎ የቀረ።
የሄደው ላይመለስ ይችላል፤ የቀረውን ግን እንጠብቅ፣
ምግብ በሰዓቱ፣ እርምጃ በየቀኑ፣ ደሟ እንዳይዋዥቅ።»

ስንወጣ ክንዴን ይዛ «ሰዓቴ አምሮ ነበር?» አለች።
«አምሮ ነበር» አልኩ። ክቡን ማለቴ ነው።

አሁን ማታ ማታ ነጥቡን የምተክለው እኔ ነኝ፣
ሰባት በሰባት ብቻ፣ በጠመኔ፣ ጉልበቴ እያቃሰተኝ።
ወንድ ኮላም ሲሠራ! ጎረቤት ይስቃል። ይሳቅ።
ጠዋት ቁርሷን በልታ፣ ጣቷን ወግተን ቁጥሩን አይተን፣
ትቀመጣለች ደጃፍ ላይ፤ እኔም ከጎን።
ስትቆም፣ በእጄ እንደ ድሮ ሰንደቄ
ግራውን አሳያታለሁ፣ ቃል ላለመናገር ተጠንቅቄ።
አንዳንድ ቀን ይገጥማል።
አንዳንድ ቀን መስመሩ ነጥቦቹን ትቶ
ወደ መንገዱ ይወጣል፣ ብቻውን፣ ቀጥ ብሎ፤
እሷም ትተወዋለች፣ እኔም እተወዋለሁ።

ጉንዳኖቹ መጥተዋል። የተዘጋውን ካልተዘጋው
አይለዩም። ከጫፉ ጀምረው ይበሉታል።