አባ ኮዳ

ዓርብ ከቀትር ኋላ፣ ሪፖርት ለአሥራ አንድ፤
ፋይሉ አርባ ሁለት፣ ሠራተኛዋ አንድ።
“ያልተፈቀደውን አትጠቀሙ” ይላል
በሩ ላይ ወረቀት፣ ማኅተሙ ደብዝዟል።
የኪሴ ስልክ ግን ወረቀት አይፈራም፤
ሁሉን ያነብና ደክሞኛል አይልም።

ለጠፍኩለት ሁሉን፦ ስም፣ ቀበሌ፣ ዕዳ፣
የሹኔን ሚስት ሕመም፣ የላላሞን ፍዳ፣
ዱካሌ በር ዘግቶ ሹክ ያለኝን ሁሉን፣
መረቡን መሸጡን፣ ልጁን ማሳከሙን፣
ለሚስቱ ወንድሞች አለመናገሩን።

ደጃፋችን ባጃጅ አልፎ ሳይጨርስ
ሪፖርቱ ደረሰ፣ እንደ ሐር የሚለሰልስ።
“በርቺ!” አሉኝ አቶ ሌዳሞ፣ መነጽር አውርደው።
በረታሁ? እንጃ። ፊርማዬ ግን ከታች ነው።

ቅዳሜ ለዓሣ አሞራ ገደል ወረድኩኝ፤
ሐይቁ ዳር ቆሜ አባ ኮዳን አየሁኝ።
አንጀት ይጥሉለታል፣ እሱ ይውጣል ቆሞ፤
የማን ነው አይል፣ ስም አይጠይቅ ቀድሞ።
ጉሮሮው ከረጢት፤ ሆዱ የት እንደሚያልቅ
የጣለውም አያውቅ፣ የተጣለው አያውቅ።

“እህቴ!” አለኝ አንድ ሰው። ዱካሌ ነው፣
በሰው መረብ የሚሠራው፣
እጁ ቅርፊት የለበሰው።
ሦስት ቆሮሶ ጠቅልሎ፣ ገንዘብ አልቀበልም አለ፤
ከዚያ ድምፁን ዝቅ አርጎ፦
“ያ የነገርኩሽ... እዚያው ካንቺ ጋ አለ?”

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ።
ከኋላዬ ክንፍ ተማታ።
ዓሣው በእጄ ቀዝቅዟል፤
ስልኩ ኪሴ ውስጥ ይሞቃል።