ከፊት የቆመ

የጋሽ እንዳላማው ሱቅ፣ ከወደቡ መግቢያ፣
ስፋቱ ለአንድ ወንበር፣ ለጉልበት ማስገቢያ፤
ግድግዳው በሙሉ ሰዓት ተሰቅሎበት፣
አንዱ ካንዱ ጋራ የማይስማማበት።

እኔ የእንድሪስ ልጅ፣ ቆሮሶ አመላላሽ፣
«ባሥር ሰዓት!» አለኝ ሆቴሉ፤ «ካለፈ፣ ተመላሽ።»
አሥርን ፍለጋ ካንዱ ሰዓት ፊት ቆምሁ፤
ዱላና ጥልፍልፍ እንጂ ቁጥር አጣሁ።
«ጋሼ፣ የዚህን ሰዓት ቁጥር ማን ሰረቀው?»
ሳቀና መነጽሩን ካፍንጫው አራቀው።
«የሮማ ሰው ቁጥር እንዲህ ነው መልኩ፤
ደንገል ይዘሽ ነይ፣ ይታይሻል ልኩ።»

በማግስቱ ማለዳ ደንገሌን አቅፌ
ከደጁ ደረስሁኝ ገበያውን አልፌ።
አንድ አገዳ አቆመ፦ አንድ። ሁለት፦ ሁለት።
ሦስትንም በሦስት፦ «እስካሁን የለው ብልሃት።»
ለአምስት ሁለቱን በእግራቸው ገጠመ፣
አምስቱ ጣት ሆኖ፣ መዳፍ መስሎ ቆመ።
ለአሥር አጣልፎ መሐሉን አሠረ፤
አሥርም ከማሠር፣ ለኔ፣ ተፈጠረ።

«አሁን ልብ በይ» አለ፣ አንድ ዘንግ መዘዘና፣
ከአምስቱ በስተኋላ አቆመው አቀና።
«ይኸው ስድስት። ኋላ የቆመ ይጨምራል።
ይኸው ዘንግ ከፊት ግን ከመጣ ያጎድላል፤
አራት ሆነ። ትንሽ ከትልቅ ፊት ሲቆም
ከትልቁ ይነሳል፤ እሱም አይቆጠርም።»

ዝም አልሁ። ትዝ አለኝ የሰልፉ አለቃ፦
«የደንገል ሰፈር ልጅ ወደ ኋላ፣ በቃ!»
እና ደስ አለኝ፣ አንዲት ቀጭን አገዳ
ከፊት በመቆሟ አምስትን ስትጎዳ።

ግን ሰዓቱን ሳነብ፣ አራት ላይ ስደርስ፣
አራት ዘንግ ቆሟል፤ ደንቡ ሲፈርስ።
«ጋሼ፣ IV የት ሄደ? ማነው IIII ያለው?»
ራሱን አከከ። «እኔም የማላውቀው።
አንዱ ለሚዛን ነው፣ አንዱ ለዓይን ይላል፤
ሰዓት ሠሪ መቼም ደንብ መጣስ ይወዳል።
ደግሞ አጭሯ እጅ እዚህ ላይ ስትደርስ
የሆቴልሽ ሰዓት ነው፤ ሩጪ፣ ዓሣሽ ይድረስ።
ጽሕፈቱ አራት ነው፣ ንባቡ ግን አሥር፤
ፀሐይ ተማክራ ከኛ ጋር ስታድር።»

ማታ አባቴ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲመለስ፣
ታንኳው ዳር ላይ ቆሞ ውኃውን ሲያፈስ፣
መቅዘፊያውን ተቀበልሁ እንደ ልማዴ፤
ጎኑን አየሁትና ደነገጠ ሆዴ።
አራት ቀጥ ያለ ጭረት፣ አምስተኛው ክንፋም፣
አሥረኛው ጥልፍልፍ፤ ደግሞ ሀ ብሎ፣ ዳግም።

«አባ፣ ይኼ ምንድን ነው?»
«ጭነት ነዋ። ያያ ደምስ ዕዳ።
ወረቀት እሱ ጋ ነው፤ እኔ ያለኝ እንጨት።»
«ማን አስተማረህ?»
«ማንም። ቢላው ነው። አምስቴ ቀጥ ከማለት
አንዴ መጣመም ቀለለው።»

ዕድሜዬን ሙሉ የያዝሁት መቅዘፊያ
ያን ማታ ተነበበ።
አባቴም አራትን አራት ጊዜ ነው የጫረው፤
የሰዓቱ አራት ከሱ ጋር ነው ያበረው።
ከፊት አቁሞ ማጉደል አባቴ አያውቅም።
አያ ደምስ ያውቃል።

በጣቴ ዳሰስሁት፦ ሦስት ጥልፍልፍ፣ አንድ ክንፍ፣ ሁለት ዘንግ።
XXXVII።
ሠላሳ ሰባት ጭነት።
የተከፈለው የሠላሳው ነው።

እርጥቡ አሸዋ ላይ ጻፍሁት። ማዕበል መጥቶ ላሰው።
ደግሜ ጻፍሁት። ላሰው።
እጄ እስኪለምደው፣
ጨረቃዋ ከደብረ ማርያም ወዲያ እስክትዞር ድረስ
ጣናና እኔ አንድ ሰሌዳ ላይ ተሻማን።

በማግስቱ፣ አጭሯ እጅ ከአራቱ ዘንግ ስትደርስ፣
ዓሣውን ለታናሼ ሰጥቼ፣
መቅዘፊያውን ትከሻዬ ላይ አጋድሜ፣
ከሚዛኑ ፊት፣ ካያ ደምስ ፊት
ቆምሁ።

ቀጭን ነኝ። አንድ ነኝ።
ከፊት ነኝ።