መሬት የሌላት ሽቦ

ከምሽቱ አራት ሰዓት ስልኬ ቀሰቀሰኝ፤
«ሞተሩ ታመመ» ብሎ አንማው ነገረኝ።
«ቆመ ወይ?» «አልቆመም።» «ታዲያ ምን ሆነብህ?»
«ይሮጣል፣ ይደክማል፤ መጥተህ ስማው እባክህ።»

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ድረስ
በአይሱዙ ጋቢና፣ ከበርበሬ ጭነት ጋር፣ ስስል ሳስነጥስ፣
አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ቴስተር ይዤ
ገባሁ ከወፍጮው ቤት፣ ጨለማ ተጉዤ።

አንማው ነጭ ሆኖ፣ ዱቄት ለብሶ እንደ ሸማ፣
አንገቱን አዘንብሏል፣ ሕመሙን ሊሰማ።
ዲጂታል አያውቅም፤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ
ከቁጥሩ ቀድመው ጆሮዎቹ ያውቃሉ።

ኢንቨርተሩ መስኮት አርባ ሁለት ይላል፤
ዐይኔን ሳልነቅል አርባ ስምንት ሆኗል፤
ወርዶ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ደግሞ አርባ አምስት ሄርዝ፣
ከጠጅ ቤት ወጥቶ ግድግዳ እንደሚይዝ።
ማንም አልነካውም፤ የፍጥነቱ ቁልፍ
ከአርባ አምስት ምልክቱ አላለም ውልፍት፣ እልፍ።
ዱቄቱ አንዴ ደቅቆ፣ አንዴ ክክ ሆኖ ወጣ፤
የዳቦ ቤት ደንበኛ ነገ ሊመጣ በቁጣ።
ሥራ አስኪያጇ ትሁኔ ሦስቴ ደወለች፣
«አዲስ ሞተር ልግዛ? ቁረጡልኝ» እያለች።

«ጭነቱ ይሆናል» ብዬ ስንዴ አስቆምሁ፤
ባዶውን ሲዞርም ያው ሲዋዥቅ አየሁ።
ቺንጋውን ፈታሁ፣ ኩሽኔታውን ዳበስሁ፣
ሦስቱን ፌዝ ለካሁ፤ እኩል ሆኖ አገኘሁ።
ከዝርዝሩ ገብቼ ቁጥሩን ነካካሁ፤
ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ምንም አላወቅሁ።

በመጨረሻው ግን፣ ደክሞኝ ቁጭ አልሁና
ከውጭ የሚመጣውን ትእዛዝ ዘጋሁና
አርባ አምስትን ራሴ በጣቴ ጻፍሁና
ለቀቅሁት።
        ጸጥ አለ።
                ዞረ አንድ ወጥ ሆኖ፤
አንማው ጺሙን ያዘ፣ ዐይኑ ተከድኖ።
«አካሉስ ጤና ነው፤ የታመመው ወሬው፤
ማነው ለዚህ ሞተር ውሸት የሚያወራው?»

ከቁልፉ ተነሥቼ፣ በባትሪ ብርሃን፣
ቀጭኗን የትእዛዝ ሽቦ ተከተልኋት፤
ከአንድ ቦይ ነበረ ያስተኟት፣ ያጎራበቷት
ከወፍራሙ ኬብል፣ ሞተር ከሚያበላ፤
እሱ ባገሳ ቁጥር እሷ ትላለች ሌላ።
የመዳብ ሽሩባዋ፣ ከጩኸት የሚያድናት፣
ጫፉ ተንጠልጥሏል፤ ማንም አላሰረላት።

ዓምና ይህን ፓኔል የገጠመው ማነው?
አንማው አልጠየቀም። የእጅ ጽሑፌ ነው
ከፕላስተሩ ላይ፣ ቀኑ ሳይቀር ሰፍሮ፤
የገና ዋዜማ፣ ልቤ ወደ ቤት በሮ።

«ምን ሆና ነው?» አለኝ።
«መሬት የላትም» አልሁ።
ሳቀ፤ ከቅንድቡ ዱቄት ረገፈ።

«እንዳንተው ናታ!» አለ።
«መሬት ሲሸነሸን፣ ገመድ ይዤ በእጄ፣
ቀበሌው ሲጠራ፣ አንተ ጡት ላይ ነህ፣ ልጄ።
መሬት የሌለው ሰው የጎረቤት ወሬ
ሲያናውጠው ያድራል፤ አንድ ቀን ወደ ቡሬ፣
አንድ ቀን መተማ፣ ለሰሊጥ አጨዳ፤
እሷም አፈር አጥታ ነው የሆነች እንግዳ።»

መልስ አልሰጠሁትም። ሽሩባዋን ገመድሁ፣
በአንድ ጫፏ ብቻ ከምድር አሰርሁ፤
ከጯሂው ጎረቤት አንድ ክንድ አራቅሁና
ትእዛዙን ለቁልፉ መልሼ ሰጠሁና
አየሁ፦
አርባ አምስት።
አርባ አምስት።
አርባ አምስት ላይ ቀረ፤
ስንዴው ሲፈስበት ድምፁ አልተቀየረ።

ፕላስተሩን ላጥሁት፤ አዲስ ቀን ጻፍሁበት፤
ስሜን ልጨምር ብዬ፣ እጄ ዘገየበት።

ሊነጋጋ ሲል፣ አስፋልት ዳር፣ መኪና ስጠብቅ፣
ከእግሬ ሥር ያለውን የቡሬን ቀይ አፈር
ጫን ብዬ ቆምሁበት፣ የማን እንደሆነ ሳላውቅ።