ቢጫዋ ጀሪካን

ቢቸና፣ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲበተን
ከበሬ ተራ ሥር አቧራውን ጠርገን
ገመድ ዘረጋን፤ ይኸው መድረክ፣ ይኸው ማሳ፤
ቢጫ ጀሪካን ደግሞ ድንበር ነው፣ እንዳትረሳ።

አንሙት የተውሶ ካፖርት ደርቦ
ሊቀመንበር ሆነ፣ ድምፁን አደልቦ፤
ጀሪካኗን ገፋት፣ ክንድ፣ ደግሞ ሌላ ክንድ፤
መበለቷ ስመኝ ዝም አለች እንደ ግንድ።
ሰው ሳቀ። ከፊት ወንበር ላይ የመሬቱ ሹም
ከሁሉ በላይ ሳቁ፤ ሳቅ አይቆጥቡም።

ደንባችን አንድ ነው፦ «ቁም!» ያለ ይገባል፣
ተዋናዩን ተክቶ የራሱን ይሠራል።
ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ፤ አልመለሰም ማንም፣
አህያ ጮኸች እንጂ፤ እሷን አናስገባም።

«ቁም!»
አለ ቀጭን ድምፅ ከበርበሬ ተራ፤
እትዬ እንጉዳይ፣ ቁና ይዛ በግራ፣
መጣች። አልጮኸችም። ለስመኝ ሰጥታ ቁናዋን
ጫማዋን አወለቀች፤ አነሣች ጀሪካኗን፤
እግሯን ትቆጥር ጀመር፣ ተረከዝ ከጣት፦
«ከብሳናው ግንድ እስከዚህ ሃያ... ሃያ አራት...»

ገመዱ ጋ ደረሰች፤ መድረካችን አለቀ፤
ማሳዋ ግን አላለቀም። ሰው እግሩን ሰብስቦ ራቀ።
ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ።
ጀሪካኗን ተከለች ከሹሙ ወንበር ጀርባ።

የሳቀ አልነበረም። አንሙት ቃሉ ጠፋው፤
የተዋሰው ካፖርት ድንገት በጣም ሰፋው።

ሹሙ፣ ስልክ እንደተደወለለት ሰው፣ ተነሡና ሄዱ።
ማሳው? እሱማ ዛሬም ሰው እጅ ነው ክንዱ።
ጀሪካኗን ባለ ሱቁ ወሰደ፣ ዘይት ሊሞላ፤
እንጉዳይ ጫማዋን ስታጠልቅ፣ ወደኔ ቀና ብላ፦
«ቅዳሜ ትመጣላችሁ? የእህቴም አለ፣ ሌላ።»