«ጥሩ» ማለት ሁለት

የመኪና መስታወት ነው የእንጀራዬ ገመድ፤
ሌሊቱን፣ ቶሌዶ፣ በማይቆም የፋብሪካ መንገድ፣
ከነጭ መብራት ሥር ቆሜ እንከን እለቅማለሁ፤
አረፋ፣ ጭረት፣ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ፣
ዓይኔ ሳይደርስበት ጣቴ ቀድሞ ሲያውቅ፣
«ይለፍ» ወይ «ይሰበር» እላለሁ።

ቅዳሜ ነው፤ ልብሴን ለማጠቢያ ማሽን ሰጥቼ፣
የሞሚ ወንዝ ብርድ ሲያባርረኝ፣ ከጎረቤት ሱቅ ገብቼ፣
አየሁ፦ ግድግዳው ሙሉ የድሮ ቤዝቦል ተጫዋች፣
በማይከፈት ፕላስቲክ ውስጥ፣ በካርድ የታተሙ ወጣቶች፤
ከየአናታቸው በላይ ቁጥር፣ ከአንድ እስከ ዐሥር፣
የሰኔ ሠላሳ ውጤት ይመስል፣ ማንም ሊፍቀው የማይደፍር።

ሎሬታ ኖቫክ፣ ባለሱቋ፣ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ፣
«ጀማሪ ነህ?» አለች፣ አፌን ሳልከፍት፣ ዓይኔን ተከትላ።
«ነኝ።»
«እንግዲያው ስማ፤ ዐሥር አትግዛ፣ ደመወዝህ ያልቅብሃል፤
ዘጠኝም አትግዛ፣ ዐሥርን እያሰብክ እንቅልፍ ያጣሃል፤
ፕላስቲኩን ሳይሆን ካርዱን እይ። ቁጥሩ የሌላ ሰው ዓይን ነው፤
አንተ የራስህን ይዘህ ና።»

ከተቆለፈው ሣጥን ዐሥሩንም አሳየችኝ አውጥታ፤
ውብ ነው፤ ከመታተም በቀር ምንም ያልደረሰበት፣ ድፍን ጸጥታ።
ከዚያ ፊደል አስቆጠረችኝ፦
«አንድ፣ ‹ደካማ›። ሦስት፣ ‹በጣም ጥሩ›። አምስት፣ ‹ምርጥ› ነው።»
«ሁለትስ?»
«ሁለት? ሁለት ‹ጥሩ› ነው።»
ሳቅሁ።
ከዐሥር ሁለት ያመጣ ልጅ በምን ፊቱ ቤት ይገባል?
እዚህ ግን በታተመ ወረቀት፣ በማኅተም፣ «ጥሩ» ይባላል።

አነሳሁት። ሃል ድሩሪ፤ የሃምሳ አራት እትም፤
ተጠባባቂ ኳስ ያዥ፤ ዝና የለው፣ ጠያቂም የለውም፤
ጓንቱ ከፊቱ የሚበልጥ፣
ከግንባሩ እስከ ጉልበቱ፣ እንደ ደረቅ ወንዝ የሚሮጥ
አንድ እጥፋት።

ሙያዬ ነውና ከመብራቱ ሥር አዘንብዬ አየሁት፣
እንከኑን እንደ ልማዴ አንድ ባንድ ቆጠርኩት፤
ማዕዘኑ ዶልዱሟል፤ ሥዕሉ ወደ ግራ ያጋደለ፤
ማስቲካ የጠቀለለው ሰም ቀልጦ፣ ጀርባው ላይ እድፍ የተከለ።
ሰሙን አየሁ እንግዲህ፤ ወርቁን ፈልግ ብትሉኝ፣
ከሰሙ ሥር፣ በልጅ እጅ፣ የእርሳስ ፊደላት ጠበቁኝ፦
«የሮይ ነው። አትንኩ።»

ይኸው፣ ከሰባ ዓመት በኋላ የሮይ ቃል ተከበረለት፤
ካርዱን ማንም አይነካውም፣ ፕላስቲክ ታሸገለት።
ገምጋሚው ግን፣ እጁን ታጥቦ፣ «ከጀርባው ጽሑፍ አለ» ብሎ፣
ሁለቱን ለድሩሪ ሰጠ፣
ስምንቱን በሮይ ላይ ጥሎ።

ዐሥራ ስምንት ዶላር ከፈልኩ። «አያተርፍህም» አለች ሎሬታ፣
ደረሰኙን እየጻፈች፣ ሳንቲሙን በጥፍሯ ገፍታ፤
«ዋጋው ይጨምራል ብለህ አትጠብቅ፤ ድሩሪን የሚያስታውስ የለም።»
ቀይ መብራት በያዘኝ ቁጥር ከኪሴ አወጣሁት፤ ግዴለም።

ዶሪን፣ ባለቤቴ፣ እጥፋቱን አይታ «ለዚህ ነው ወይ?» አለችኝ፤
ገልብጬ ጀርባውን አሳየኋት። የሮይን አነበበችልኝ፣
ጮክ ብላ፣ ተቆጥታ፣ የልጅ ድምፅ አስመስላ፤
ከዚያ ከመስኮቱ ደፍ አነሳችው፣ ፀሐይ ይጎዳዋል ብላ።

ያን ሌሊት አንዲት አረፋ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ፣
በጠራ መስታወት ውስጥ መጣች፣ መብራቱን ስታፈጥ።
«ይሰበር» አልኩ፤ ደንብ ነው።
ግን ቁልፉን ሳልነካ ቆምኩ፤
ማን ይሆን እዚህ ውስጥ የተነፈሰው? አልኩ።
ከዚያ ተጫንኩ።