ሥሩ አልተገኘም

ቂርያት ጋት ተኝታለች፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
እኛ ከሕንፃው ሥር ነን፣ የዕድሩ ቢሮ ባለበት፤
የብረት በር፣ ወፍራም ግንብ፣ ለሮኬት የታሰበ መጠለያ፣
አሁን የወንበር ቁልል፣ የድንኳን ካስማ ማኖሪያ።

ማዘርቦርዱን ቀየርኩት፤ አሮጌው እርጥበት በልቶት ታመመ፤
አዲሱ በራ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ጽሑፉ ወረደ፣ ቆመ።
«ሥሩ አልተገኘም» ይላል።
ከዚያ ወዲያ ዝም ይላል።

ጋሽ እምሻው፣ ገንዘብ ያዡ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
«ተቃጠለ እንዴ ዲስኩ?» አለኝ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።
የለም፤ ጆሮህን አስጠጋ፣ ሲሽከረከር ይሰማል፤
ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ፣ ባዮሱም በስሙ ጠርቶታል፤
ከርነሉ ነው እንጂ፣ አስኳሉ፣ በሩ ላይ የቆመው፣
የዲስኩን መቆጣጠሪያ ቺፕ አይቶ «አላውቅህም» ያለው።
ሾፌሩማ አለ፤ ሞተሩ ሞቋል፣ መንገዱንም ያውቃል፤
ግን የሚጭነው በዝርዝር ነው፣ ቁጥር የሌለውን ጥሎ ያልፋል።

(ከከተማው ዳር ያ ፋብሪካ ሌሊቱን ሙሉ ቺፕ ያመርታል፤
ማን ያውቃል፣ ይኸም ባይተዋር የጎረቤት ልጅ ይሆናል።)

ጋሽ እምሻው ጢሙን አሻሸ።
«ስንመጣ፣ አየር ማረፊያው ላይ፣ አንዲት ጸሐፊ ነበረች፤
ወረቀቷን አየች፣ እኔን አየች፣
እምሻው የሚባል የለም አለች።»
— ምን አልካት?
«ምን እላታለሁ! ካለሁማ ጻፊኝ አልኳት።»

ዝም አልኩ።
ዲስኩን ወደ ላፕቶፔ አዞርኩ፣ የሾፌሩን ዝርዝር ከፈትኩ፤
አራት አኃዝ የአምራቹ፣ አራት አኃዝ የራሱ፣
ከሌሎቹ ግርጌ፣ በአንዲት መስመር፣ ጻፍኩ።
ከርነሉን እንደገና ማጠናቀር አርባ ደቂቃ ፈጀ፤
ጋሽ እምሻው ካስማ ተንተርሶ አንኮራፋ፣
እኔ ቀዝቃዛ ቡሬካ በላሁ፣ ሰሊጡን ከጉልበቴ አራገፍኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል
ጽሑፉ ወረደ፣ ወረደ፣ ያቺ ቦታ ደረሰ፣
አልቆመም።
ሥሩ ተገኘ፤ መዝገቡ ተከፈተ፣
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ
በየስሙ፣ በየመዋጮው።

ቀሰቀስኩት። መነጽሩን አወረደ፣
ስክሪኑን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤
«አለልኝ፣ ከፍሏል… ተዛዙ፣ ከፍሏል…
እምሻው — የሁለት ወር ቀሪ።»

ጣቱ እዚያው ቀረ።
በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤
«ልጄ፣ ይኸ ከርነል የምትለው፣
እስከ ደመወዝ ድረስ ብቻ፣
መልሶ አላውቀውም ሊለኝ አይችልም?»